በክር የተለካ ባት

አቃቂ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለአጎቴ ለጋሼ ገብረጻድቅ
ጅቡቲ፣ የባቡር ዕቃ መጋዘን

ጋሼ፣ ይህን ወረቀት ቆመው የሚያነቡ ከሆነ ይቀመጡ፤ ተቀምጠው ከሆነ ባርኔጣዎን ያውልቁ። በአቃቂ ባቡር ጣቢያ ሠፈር ነዋሪ የነበረው፣ ለአሥራ ስምንት ዓመታት ያለ አንዳች ነቀፌታ ያገለገለው የግራ እግሬ የተረከዝ ጅማት፣ በደረሰበት ድንገተኛ አደጋ መስከረም 30 ቀን ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት በሞት ተለይቶናል። ሥርዓተ ቀብሩም ጥቅምት 2 ቀን በከተማው ሆስፒታል፣ ዘመድ ወዳጅ በተገኘበት፣ በነጭ ጄሶ ውስጥ ተፈጽሟል። ለእናቴ ለየሺሐረግ፣ ለቀኝ እግሬና ለእርስዎ መጽናናትን እመኛለሁ።

አሁን ሰላምታ። እንደምን ሰነበቱልኝ? እትዬ ብዙወርቅስ ከዚያ ሙቀት ጋር እንዴት ናቸው? እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበትዎን ስማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርስዎ ለፍሬን ያዥነት እንድፈተን ለአለቆቹ ከጻፉልኝ ወዲህ በሠፈሩ ውስጥ እንደ ሹም ነበር የምራመደው። ፈተናው ጥር 25 ነው ተባልኩ። እስከዚያ ማን ይጠብቃል? ፍሬን ያዥ ከሚሄድ ፉርጎ ላይ እንዴት እንደሚወርድ ለጓደኛዬ ለኩምሳ ላሳየው አሰብኩ። ሲሚንቶ የጫነ ፉርጎ ነው፣ ከሰው እርምጃ አይፈጥንም። ዘለልኩ። መሬት ስነካ አንድ ሰው ከኋላዬ ተረከዜን በድንጋይ መታኝ፤ ጧ ሲል ሰምቻለሁ። ከኋላዬ ያለው ደግሞ ኩምሳ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ጫማው ውስጥ እንቁራሪት ከትቼበት ስለነበር ብድሩን የመለሰ መሰለኝ፣ ዘወር ብዬ በጥፊ አጮልኩት። ጉንጩን ይዞ "ምን አደረግሁህ አንተ?" ሲለኝ፣ ልደግመው አንድ እርምጃ ብራመድ ወደቅሁ። ድንጋይም የለም፣ የወረወረም የለም። በኋላ ሐኪሙ እንደነገረን ይህ ጅማት የተበጠሰበት ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ የመታውን ይፈልጋል። ኩምሳ ግን ይህን የሰማው ጥፊውን ከቀመሰ በኋላ ነው። በጀርባው አዝሎ ጣቢያው ድረስ ያደረሰኝም እሱ ነው፤ መንገዱን ሁሉ ሲሰድበኝ ነበር።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ የምታስተረጉምለት ፀሐይቱ የምትባል ድሬሰር ናት። ሁለቱን ጫፍ እንደ ተበጠሰ ገመድ አገናኝቶ ሰፋው። ጄሶው ከጉልበቴ በታች ጀምሮ እስከ ጣቶቼ ነው። የሚያስቀው ነገር፣ እግሬን ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ታች አዘንብሎ ነው ያሰረው። ከመደርደሪያ ላይ ስኳር ለመስረቅ በጣቱ የተንጠራራ ልጅ መስያለሁ። እኔ ስስቅ እማዬ አልሳቀችም። "የገብረጻድቅም እንዲሁ ነበር ያሰሩት" ብላ ወጣች።

እንግዲህ በቤታችን እግር እንደማይበረክት ያውቃሉ። አባዬ በ1950 የሐዲድ አጋዳሚ እግሩ ላይ ወድቆበት፣ "የገብረጻድቅን እግር ያየ ሰው ሐኪም ዘንድ አይሄድም" ብሎ በአሥራ አንደኛው ቀን እዚሁ አልጋው ላይ ዐረፈ። እኔን እማዬ ሳትደርስ ኩምሳና ፀሐይቱ ተጋግዘው አስተኙኝ እንጂ ምርጫ ቢሰጡኝ ምን እንደምል አላውቅም።

ፈተናው ይራዘምልኝ ዘንድ ለአለቆቹ አንድ ቃል ቢጽፉልኝ። ጥቂት ብርም ቢጨመርበት አልቀየምም።

ባለ ሦስት እግር (ሁለቱ እንጨት) ልጅዎ፣
አደሴ በቀለ

*

ጅቡቲ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለልጄ ለአደሴ በቀለ
አቃቂ

ከአንተና ከእናትህ ጋር የእግዚአብሔር ሰላም ይሁን። እኛ በሙቀቱም ቢሆን ደህና ነን።

ብዙወርቅ ደብዳቤህን ሳነብላት እስከ ሦስተኛው መስመር ድረስ የሞትከው አንተ መስለሃት አልቅሳለች። ሁለተኛ እንዲህ አድርገህ እንዳትጽፍ።

ለአለቆቹ ጽፌ ነበር። ፈተናው አይራዘምም። በመሰላል ፉርጎ ላይ መውጣት፣ መውረድና በእያንዳንዱ እግር ጣት ብቻ መቆም አለበት። አሥራ አምስት ብር በፖስታ ልኬልሃለሁ።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ዛሬውኑ የቀኝ ባትህን፣ ከጉልበትህ በታች አንድ ስንዝር ወርደህ፣ በክር ለካውና ክሩን አስቀምጥ። ጄሶው ሲቀየር የግራውን በዚያው ቦታ ለክተህ ሁለቱን ላክልኝ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ጄሶውን ከሐኪሙ በቀር ማንም እንዳይነካው። እግርህ ስለታሰረበት አኳኋን ሐኪሙን ስማ።

ስለ አባትህ የጻፍከውን አንብቤዋለሁ።

ገብረጻድቅ

*

አቃቂ፣ ኅዳር 2 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ገብረጻድቅ፣ በሩቅ አገር ሆነው በሰው ባት ለሚያስቡት

ጤናዎን እንደ ጣቢያው ደወል የማይሰነጠቅ ያድርግልኝ። እትዬ ብዙወርቅን ይቅርታ ጠይቀናል፣ እኔና ሟቹ። እማዬ ሰላም ትልዎታለች። የዘገየሁት ጄሶው እስኪቀየር ብዬ ነው።

ስለ ኑሮዬ ልንገርዎ። በመጀመሪያው ሳምንት በጄሶውና በባቴ መካከል ጥፍር አይገባም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እርሳስ ገባ። በሦስተኛው ኩምሳ የወጥ ማንኪያ አስገብቶ አከከልኝ። በአራተኛው ማንኪያው እዚያው ወድቆ ቀረና ሁለት ቀን ይዤው ዋልኩ፤ ክራንቼን ይዤ ስሄድ እንደ ፍየል ቃጭል ያንቃጭል ነበር። ሠፈርተኛው በድምፄ ነው የሚያውቀኝ።

ፀሐይቱን "ጄሶው ነው የሰፋው ወይስ እኔ ነኝ የጠበብኩት?" አልኳት። ጄሶ አይሰፋም አለችኝ። ሥጋ ሥራ ከፈታ ይቀልጣል አለች፤ ማንም ሳይነካው፣ ምግብ ሳይጎድለው። ጅማቱ ደግሞ ደም ብዙ ስለማይደርሰው ሲጠግግ ቀርፋፋ ነው፤ በወሩ እንኳ ገና ያልበሰለ ሊጥ ማለት ነው፣ ከተሳበ ይለያያል። ስለዚህ እሱ እስኪጠና እግሩ መታሰር አለበት፤ እግሩ በታሰረ ቁጥር ባቱ ይከሳል። "አንዱን ለማዳን ሌላውን ነው የምናስርበው" አለችኝ። እኔም "ታዲያ የሚራበው ለምን የእኔ ሆነ?" አልኳት። ፀሐይቱ አትስቅም። ሁለት ጊዜ ሞክሬያታለሁ።

ጥቅምት 30 ጄሶው ተቀየረ። እግሬ ትንሽ ነጣ ከማለቱ በስተቀር ድንቅ ነው፤ ሐኪሙ ራሱ ተደንቋል። አዲሱ ጄሶ ለሌላ አራት ሳምንት ነው። ክሮቹ ይኸው ከእማዬ የስፌት ሣጥን፤ ቀይ ቋጠሮ ያለው የግራው ነው።

ጉልበትዎን ስሜ፣
አደሴ

*

ጅቡቲ፣ ኅዳር 9 ቀን 1956 ዓ.ም.

ልጄ አደሴ፣ ሰላም ለቤታችሁ።

ሁለቱን ክሮች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። በጸጉር እንኳ አይበላለጡም። አራት ሳምንት ጄሶ ውስጥ የከረመ ባት ከጤነኛው እኩል አይሆንም። የላክህልኝ ሁለቱም የቀኝ እግርህ ልክ ናቸው።

ቀልደህብኝ ቢሆን አልቀየምህም ነበር። ስትቀልድ አውቅሃለሁ። ይህ ግን ቀልድ አይደለም፣ ፈርተሃል። ምን አይተህ ነው?

ቶሎ ጻፍልኝ።

ገብረጻድቅ

*

አቃቂ፣ ኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ። ተያዝኩ።

እውነቱን ልጻፍልዎ። ጄሶውን በመጋዝ ሰንጥቀው እንደ ባቄላ ከፈቱት፤ ውስጡ የነበረው እግር የእኔ አልነበረም። የሌላ ሰው እግር ነው፣ ሰባ ዓመት የሞላው፣ ታሞ የከረመ። ቆዳው ይረግፋል። ጸጉሩ ረዝሟል። ባቴ ይባል የነበረው ነገር እህሉ እንደተራገፈለት ከረጢት ከአጥንቱ ሥር ተንጠልጥሏል፤ በጣቴ ብነካው እንደ ውሃ ተወዛወዘ። ከተረከዜ በላይ ስፌቱ እንደ ሐዲድ ተጋድሟል። ጣቶቼን ተንቀሳቀሱ አልኳቸው፤ ትንሿ ጣት ብቻ ሰማችኝ። የምቀልደው ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ ይህ በሕይወቴ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው አባዬ ነው።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቤት ስንመለስ "ይህ ሐኪም እግርህን አጣሞ አሰረው፤ አሁን ደግሞ ይበላዋል" አለች። አዲሱም ጄሶ እግሬን ወደ ታች እንዳዘነበለው ነው፣ በትንሹ ብቻ ነው የተሻለው። "ያ ጣሊያን ገብረጻድቅን እንዲሁ አድርጎ ነው ያስቀረው። ባሌ ይህን አይቶ ነው እምቢ ብሎ የሞተው። ልጄን አልጨምርም።" ወጌሻውን ኦቦ ኦልጅራን አነጋግራለች። የጽዮን ማግሥት፣ ኅዳር 22 ይመጣል። ጄሶውን ቆርጦ፣ እግሬን አቅንቶ፣ በቅቤ አሽቶ በቀርከሃ ሊያስርልኝ ነው። ኦቦ ኦልጅራን ያውቁት ይሆናል፤ የኩምሳን ክንድ የጠገነው እሱ ነው፣ የታወቀ እጅ አለው።

እኔም እምቢ አላልኩም። እግሬን ካየሁት ወዲህ እግሬ በሳጥን የተዘጋበት ሰው ሆኖ ይሰማኛል፤ አውጡት አውጡት ያሰኘኛል። ፈተናው ሁለት ወር ከምናምን ነው የቀረው። እንደ ከረጢት በሚወዛወዝ ባት የትኛውን መሰላል እወጣለሁ?

እርስዎ እዚህ ውስጥ ነበሩ። ያ ጣሊያን እግርዎን ያበላሸው እንዴት አድርጎ ነበር? ይንገሩኝና ልወስን።

እውነተኛው ክር ይኸው፣ ጄሶው በተቀየረ ቀን ለክቼ የደበቅሁት፣ ያለ ቋጠሮ። ከቀኙ በሦስት ጣት ያጥራል።

እማዬ ሰላም ብላለች። "የእርስዎ እግር ለልጄ መማሪያ ሆነ በልልኝ" ብላለች።

አደሴ

*

ጅቡቲ፣ ኅዳር 17 ቀን 1956 ዓ.ም.
በባቡሩ ትኬት ተቆጣጣሪ እጅ፣ በአስቸኳይ

አደሴ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ። ይህን ለእናትህ ከላይ እስከ ታች አንብብላት። አንድ ቃል እንዳትዘል፣ አንድ ቃል እንዳትጨምር። ከሁለታችሁ ሌላ ሰው ካለ አስወጣው።

ጣሊያኑ አላበላሸኝም።

በ1932 አቃቂ ጣቢያ ቆርቆሮ ስናራግፍ አንዱ ተንሸራቶ የተረከዜን ጅማት ቆረጠው። ጣሊያኑ ሐኪም ሰፋልኝ፣ እንዳንተው እግሬን ወደ ታች አዘንብሎ በጄሶ አሰረኝ፣ ስምንት ሳምንት ብሎ በጣቱ ቆጠረልኝ። ሠርጌ ግን በአራተኛው ሳምንት ነበር። ሚዜዎቼ "ሙሽራውን በወንበር ተሸክመን ነው የምናስገባው" እያሉ ይስቁ ነበር። እኔ በዚያ ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። በሁለት እግሬ ገብቼ ብዙወርቅን ላወጣት ፈለግሁ።

ከሠርጉ በፊት በነበረው ቀን ጄሶውን ቆረጥኩት። የሺ እህቴ፣ ታስታውሻለሽ፤ ማርጠቢያውን ውሃ ያቀበልሽኝ አንቺ ነሽ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ውሃውን ሰጥተሽኝ ወጣሽ። እግሬ ወደ ታች አዘንብሎ ቀርቶ ነበር። ባቴ አደሴ እንደጻፈው ነበር። ደነገጥኩ፣ ተቆጣሁ፣ በሁለት እጄ ይዤ አቀናሁት። ወጌሻ አይደለም፣ ጣሊያን አይደለም፣ እኔ ነኝ። እርጥብ ወረቀት ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ ነገር ተሰማኝ። አልጮህኩም፤ ውጭ ሰው ነበር።

እግር ወደ ታች የሚታሰረው የተሰፋው ጫፍና ጫፍ እንዳይሳሳብ ነው። ያጣመሙት ይመስላል እንጂ ማጣመም አይደለም። ባቱ የከሳውም ሐኪሙ በድሎት ሳይሆን ጅማቱን ሲጠብቅ ነው። ይህን ጣሊያኑ በኋላ በአስተርጓሚ ነገረኝ። ዳግመኛ ሊሰፋው አልቻለም፤ ጫፎቹ ርቀው ተሸሽገው ነበር።

ሰው ሲጠይቀኝ "ጣሊያኑ አበላሸኝ" አልኩ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ማን ይመረምረዋል? ሁሉ አመነ፣ ሁሉ አዘነልኝ፣ ሠርጌ ላይም ተለቀሰልኝ። ሃያ አራት ዓመት እንዲሁ አልኩ። ከብዙወርቅ በቀር የሚያውቅ የለም።

በቀለ የተጎዳ ጊዜ፣ የሺ፣ "ሐኪም ዘንድ አልሄድም ብሏልና ምከረው" ያልሽበት ቴሌግራም በሦስተኛው ቀን ደርሶኛል። በእኔ እግር ምክንያት መሆኑንም አስጽፈሽ ነበር። ስምንት ቀን ነበረኝ። አንድ ቴሌግራም በቂ ነበር። ወረቀቱን ወስጄ ሞላሁት፣ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ደርሶኝ እንደነበረ እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

የልጅሽን ጄሶ አታስነኪው።

አደሴ፣ የእኔን የግራ ባት ክር አብሬ ልኬልሃለሁ። ብዙወርቅ ናት የለካችው። ሃያ አራት ዓመት ሆኖታል፣ አልሞላም። ጄሶው ሲወጣ ከአንተው ጋር አስተያየው።

ገብረጻድቅ

*

አቃቂ፣ ኅዳር 25 ቀን 1956 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰው በ22ኛው ቀን ጠዋት ነው። ኦቦ ኦልጅራ መጥቶ ተቀምጦ ነበር፣ መጋዙን በጨርቅ እየወለወለ። ቅቤው በቅል፣ ቀርከሃው በገመድ። ኩምሳ ጉልበቴን ሊይዝልኝ ተቀምጧል። ትኬት ተቆጣጣሪው በር ላይ ሆኖ ወረቀቱን ሰጠኝና የመጀመሪያውን መስመር አየሁ። ሁለቱን አስወጣኋቸው። ኩምሳ "ደግሞ ምን ልትሠራ ነው?" ብሎ እየተጠራጠረ ወጣ።

አነበብኩላት። እንዳሉኝ አልዘለልኩም። የአባዬ ቦታ ላይ ስደርስ ልዘል ነበር፤ ድምፄ ሲያዘግም አውቃብኝ "አንብብ" አለችኝ። አነበብኩ።

ስጨርስ "ስንት ቀን ነው ያለው?" አለችኝ።

"ስምንት።"

"እሱን ድገምልኝ።"

ደገምኩላት። ከዚያ ተነሥታ ለኦቦ ኦልጅራ ጠላ ቀዳችለትና "ዛሬ አይሆንም፣ ይቅርታ አድርግልኝ" አለችው። እሱም ጄሶውን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ፣ "እኔስ ድሮም ይህን ነጭ ነገር አልወደውም" አለና ቅቤውን በቅጠል ጠቅልሎ፣ ቅሉን ትቶ ሄደ። ማታውን ባዶ ቅል ይዤ ሳስብ አየችኝና፣ ጾም ነው፣ ቅቤ ምን ያደርግልሃል አለችኝ።

ጄሶው አልተነካም። ኅዳር 28 ሐኪሙ ራሱ ያወጣዋል።

እማዬ ሰላምታ አልላከችም። ጠይቄያት ነበር።

አደሴ

*

ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1956 ዓ.ም.

ልጄ አደሴ፣ እንደምን አለህ?

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጽፌልህ ነበር። ጄሶው በደህና ወጣ? ጅማቱ ያዘ? የላክሁት ሃያ ብር "ተቀባይዋ አልፈልግም ብላለች" ተብሎ ከፖስታ ቤት ተመለሰልኝ። ብር ሌላ አልክም።

ቢያንስ ስለ እግርህ አንድ መስመር።

ገብረጻድቅ

*

አቃቂ፣ የካቲት 12 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ገብረጻድቅ፣ ጊዜ ሰጥተው ለሚጠብቁ

እግዚአብሔር ለእርስዎና ለእትዬ ብዙወርቅ ነፋሻ ወራት ያምጣላችሁ። ዝም ያልኩት አንድ ነገር እስኪለይ ነው። አሁን ስለለየ፣ ባርኔጣዎ ራስዎ ላይ እንዳለ ማንበብ ይችላሉ።

ጅማቱ ይዟል። ሐኪሙ በአውራ ጣቱ ጨምቆ ጨምቆ፣ አንድ ነገር በፈረንጅኛ አለ፤ ፀሐይቱም "ገመድ ሆኗል ይላል" አለችኝና ሳቀች። በስምንት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነው፤ ምኑ እንዳሳቃት አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ የሠፈራችን ጫማ ሰፊ በግራ ጫማዬ ተረከዝ ሥር ሦስት ድርብ ቆዳ ሰፋልኝ፣ ጅማቱ ድንገት እንዳይሳብ። በየሁለት ሳምንቱ አንዱን ድርብ ይነቅላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንደ ከተማ ሴት እየተውረገረግሁ ስሄድ ኩምሳ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ "እመቤቴ፣ ጥላ ልያዝልዎ?" ይለኝ ነበር። ጥፊውን አልረሳም።

መልመጃው በር መቃን ይዞ በሁለት እግር ጣት መቆም ነው፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። በሁለቱ ሲሆን ቀኙ ሥራውን ሁሉ ይሠራና ግራው አብሮት የሠራ ይመስላል። በግራው ብቻ ስሞክር ግን አዛለሁ፣ እለምናለሁ፤ ባቴ "ማን ልበል?" ይለኛል። ተረከዜ ከመሬት አይላቀቅም። በቀን መቶ ጊዜ ሞከርኩ። በገና አንድ ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል ተነሣ። በጥምቀት ጣት ገባ።

ጥር 25 ሄድኩ። መሰላሉን ወጣሁ። ወረድኩ። ፈታኙ "በቀኝ" አለኝ፤ ቆምኩ። "በግራ" አለኝ። ተረከዜ የክብሪት ቀፎ ያህል ተነሣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተመልሶ ወረደ። "ድገም" አለኝ። ደገምኩ። ደግ ሰው ነው፤ ሦስተኛ ጊዜ አላስደገመኝም። "ይህ እግር ይድናል፣ ግን ዛሬ አልዳነም። ባቡሩ ደግሞ ዛሬ ነው የሚሄደው" አለኝ። ከዚያ ምርኩዜን ይዞልኝ ወደ ቆመው ዘወር ብሎ "አንተስ?" አለው። ኩምሳ ለእኔ ሲል ነበር የመጣው፤ "እኔ አልተመዘገብኩም" ሊል ሲል እኔ ገፋሁት። እንደ ጦጣ ወጣ። ፍሬን ያዡ እሱ ሆነ።

ለእኔ የመኪናው መንገድና ሐዲዱ የሚገናኙበትን መዝጊያ ሰጥተውኛል። ባቡር ሲመጣ አወርዳለሁ፣ ሲያልፍ አነሣለሁ። መቆም ብቻ ነው። ባለፈው ረቡዕ ዕቃ የጫነው ባቡር ሲያልፍ ተረከዜን አንድ ነገር ጠቅ አደረገኝ። ዘወር ስል ኩምሳ ከመጨረሻው ፉርጎ ላይ እጁን ያውለበልባል። ይህኛው የእውነት ድንጋይ ነበር፤ ከእግሬ ሥር አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት፣ እንድመልስለት።

ፀሐይቱ ጡንቻው በዓመቱም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል ብላኛለች። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና እፈተናለሁ፣ ቦታ ከተገኘ።

ስለ እማዬ። ሰላም ብላዎታለች አልልም፤ አንድ ጊዜ የውሸት ክር ልኬልዎት ምን እንደሆነ አይቻለሁ። የአባዬን ሙት ዓመት ባወጣችበት ቀን ካህናቱ ሲሄዱ ደብዳቤዎን ከሣጥን አውጥታ፣ ማንበብ ስለማትችል፣ ይዛው ብቻ ተቀመጠች። "እሳት ውስጥ ልክተተው?" አልኳት። "ለምን? የአንተን እግር ያዳነ ወረቀት ነው" አለችኝ። ቀጥላ "የአባትህንም ያድን ነበር" አለች። ከዚያ ወዲህ ስምዎን አላነሣችም።

ትናንት ግን "ና ተቀመጥ" አለችኝ። ሱሪዬን ሰብስባ፣ ከጉልበቴ በታች በስንዝሯ ለክታ፣ ክሩን በግራ ባቴ ላይ ጠመጠመችና በጥርሷ በጠሰችው። "ላክለት" አለችኝ። ለማን እንደሆነ አልነገረችኝም። በዚህ ወረቀት ውስጥ ያለው እሱ ነው። የእርስዎን ክር ልመልስልዎ ፈልጌ ነበር፤ የስፌት ሣጥኗ ውስጥ፣ በተጠቀለሉት ክሮች መካከል አስቀምጣዋለች። ሰጪኝ ብላት "ይቆይ" አለችኝ።

ከመላኬ በፊት ግን የቀኜን እንደ አዲስ ለክቼ፣ የእርስዎን ከሣጥኑ ተውሼ፣ ሦስቱንም አልጋው ላይ ዘርግቼ አይቼያቸዋለሁ። የቀኜ ከግራዬ በሁለት ጣት ይበልጣል። የግራዬ ከእርስዎ በአንድ ጣት ይበልጣል። ያን ሁሉ የሐዘን መግለጫ ጽፌ፣ እትዬ ብዙወርቅን አስለቅሼ፣ እርስዎንም ያን ደብዳቤ ያስጻፍኩት ነገር ሲለካ ይህን ያህል ነው። ትልቅ ነገር አልነበረም ጋሼ። አንድ ጣት ነው።

የመዝጊያው ሹም፣
አደሴ በቀለ